የስፖርት ዊልቸር ስትመርጡ፦ ከካርቦኑ በፊት መቀመጫው

እ.ኤ.አ. በ1975 ቦብ ሆል የተባለ አሜሪካዊ ወጣት በቦስተን ማራቶን በዊልቸር ልወዳደር ብሎ ጠየቀ። የውድድሩ ኃላፊ ከ3 ሰዓት በታች ከገባህ የምስክር ወረቀት ታገኛለህ አሉት። በ2 ሰዓት ከ58 ደቂቃ ገባ። እ.ኤ.አ. በ2024 ደግሞ ስዊዘርላንዳዊው ማርሴል ሁግ በዚያው ውድድር 1 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ33 ሰከንድ ብቻ ወሰደበት። ከግማሽ በታች ማለት ነው። ሥልጠናው ተሻሽሏል፤ ስፖርተኞቹም ሙሉ ጊዜያቸውን ለዚህ መስጠት ጀምረዋል። ወንበሩም ቢሆን ከሥር መሠረቱ ሌላ ሆኗል። ሆል ራሱ በኋላ የውድድር ዊልቸር ሠሪ ሆነ።

ይህን የምጽፈው ወንበር ለመግዛት፣ ለማሠራት ወይም ከውጭ ለመላክ ለሚያስቡ ነው። ስፖርተኛ ልትሆኑ ትችላላችሁ፤ አሠልጣኝ ወይም ዘመድም ልትሆኑ ትችላላችሁ። የኔን አቋም ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው "ስንት ኪሎ ነው? ከምን ነው የተሠራው?" ብሎ ነው። ጥያቄው አይከፋም፤ ግን መጨረሻ ላይ የሚመጣ ጥያቄ ነው። መጀመሪያ ሰውነት ወንበሩ ላይ እንዴት ይቀመጣል? ቀጥሎ ጎማዎቹ እንዴት ቆመዋል? ከዚያ በኋላ ነው ስለ ካርቦንና ቲታኒየም የምናወራው።

ምክንያቱ ቀላል ነው። በእጅ ዊልቸር መግፋት ብዙ ጉልበት የሚያባክን ሥራ ነው። ሰውነት ከሚያወጣው ኃይል ወደ እንቅስቃሴ የሚለወጠው ብዙውን ጊዜ ከ10 በመቶ እምብዛም አያልፍም። ብስክሌት የሚጋልብ ሰው ግን 20 በመቶና ከዚያ በላይ ያገኛል። ያቺን ትንሽ ድርሻ ከፍ የሚያደርጋት ወይም ይባስ የሚያሳንሳት ደግሞ በአብዛኛው የወንበሩ ልኬት ነው። ትከሻም አለ። ትከሻው የተጎዳ ዊልቸር ተጠቃሚ ስፖርቱን ብቻ አይደለም የሚያጣው። ከአልጋ ወደ ወንበር የሚሻገረውም፣ በር የሚከፍተውም በዚያው ትከሻ ነው።

መጀመሪያ ስፖርቱን ወስኑ

"ለሁሉም የሚሆን" የስፖርት ዊልቸር ለመጀመር ያህል ካልሆነ በቀር አልመክርም። የሩጫው ወንበር ሦስት ጎማ ያለው ረጅም ነገር ነው። የኋላዎቹ ትልልቅ ጎማዎች በሕጉ ከ70 ሴንቲ ሜትር፣ የፊተኛው ከ50 ሴንቲ ሜትር መብለጥ የለባቸውም። ማርሽም ሆነ የሚጎተት ዘንግ ክልክል ነው፤ በእያንዳንዱ ጎማ ላይ አንድ ክብ መግፊያ ቀለበት ብቻ ይፈቀዳል። ቀጥ ብሎ ለመብረር የተሠራ ስለሆነ ቅርጫት ኳስ ሜዳ ላይ ብታስገቡት መዞር አይችልም።

የቅርጫት ኳሱ ወንበር አጭር ነው፤ ቶሎ ይነሳል፣ ቶሎ ይዞራል፣ ግጭት ይችላል። የሜዳ ቴኒሱ ከእሱ ጋር ይመሳሰላል፤ ግን ግጭት ስለሌለበት ከፊት የብረት መከላከያ አያስፈልገውም። ቀለል ይላል፣ ይበልጥም ለመዞር የተመቸ ነው። ጃፓናዊው ሺንጎ ኩኒዳ እ.ኤ.አ. በ2022 ዊምብልደንን አሸንፎ የአራቱን ታላላቅ የቴኒስ ውድድሮች (ግራንድ ስላም) የነጠላ ዋንጫዎች ሲያሟላ የተቀመጠበት ወንበር ኦክስ ኢንጂነሪንግ የተባለ የአገሩ ድርጅት ለእሱ ሰውነት ለክቶ የሠራው ነበር። የቴኒስ ተጫዋች ራኬቱን እንደያዘ ነው የሚገፋው፤ ስለዚህ እጁ ቀለበቱን የሚያገኝበት ቦታ ከሌላው ስፖርት የበለጠ መታሰብ አለበት።

ራግቢው ለብቻው ዓለም ነው። ተጫዋቾቹ እጃቸውም እግራቸውም የተጎዳ ናቸው፤ ወንበሩ ደግሞ ለመጋጨት የተሠራ ነው። ራጂዎቹ በክብ ሰሌዳ ይሸፈናሉ። የእጅ አቅማቸው የተሻለ አጥቂዎች ተይዘው እንዳይቀሩ ጎኑ የተጠጋጋ ወንበር ይመርጣሉ። አቅማቸው ያነሰ ተከላካዮች ደግሞ ከፊት ወጣ ብሎ ተጋጣሚን የሚይዝ ብረት ያስገጥማሉ። የራግቢ ወንበር ከመምረጣችሁ በፊት የስፖርተኛው የምድብ ነጥብ መታወቅ አለበት (ጉዳቱ አቅሙን ምን ያህል እንደሚገድበው የሚያሳይ ነጥብ ነው፤ አቅም ሲያንስ ነጥቡም ያንሳል)። አለዚያ ለአጥቂ የተሠራ ወንበር ለተከላካይ ገዝታችሁ ታርፋላችሁ።

ከፍ ያለ መቀመጫ ወይስ ዝቅ ያለ?

ከሁሉም በላይ ጊዜ ልትሰጡት የሚገባው ይህን ነው።

አንድ ግፊት እንዴት እንደሚሠራ በቅርብ እዩት። እጅ ቀለበቱን ከአናቱ ትንሽ ወደ ኋላ ይይዛል። ወደ ፊትና ወደ ታች ይገፋል። ከዚያ ይለቅና ተመልሶ ይመጣል። እጅ ቀለበቱን ይዞ በቆየ ቁጥር ጎማው ኃይል ያገኛል። መቀመጫው በጣም ከፍ ሲል ክንድ ቀለበቱ ላይ በደንብ አይደርስም፤ ግፊቱ ያጥራል፤ ስለዚህ ቶሎ ቶሎ መግፋት ይመጣል። በጣም ዝቅ ሲል ደግሞ እጅ ብዙ ርቀት ይይዛል፤ ነገር ግን ክርን ከልክ በላይ ይታጠፋል፣ ትከሻም ወደ ጆሮ ይወጣል። ለትከሻ ጅማቶች ከዚህ የከፋ አቀማመጥ የለም።

መለኪያ አለው። ስፖርተኛው ቀና ብሎ ይቀመጥ። እጁን በቀለበቱ አናት ላይ ያሳርፍ። ክርኑ ላይ የሚፈጠረው ማዕዘን ከ100 እስከ 120 ዲግሪ ከሆነ ለአብዛኛው ሰው ጥሩ መነሻ ነው። ከግድግዳ ማዕዘን ትንሽ ከፈት ያለ ማለት ነው። ከጎን ሆናችሁ በስልክ ፎቶ አንሱት፤ ፎቶው ላይ ማዕዘኑን መለካት ቀላል ነው። ይህ ለቅርጫት ኳስ፣ ለቴኒስና ለራግቢ ይሠራል። ለሩጫ አይሠራም፤ ሯጩ ጎንበስ ብሎ ከላይ ወደ ታች ስለሚመታ ሒሳቡ ሌላ ነው።

ቅርጫት ኳስ ላይ ግን አንድ ችግር አለ። ቅርጫቱ ለዊልቸር ተጫዋችም 3.05 ሜትር ላይ ነው የተሰቀለው፤ ዝቅ አይልም። ስለዚህ ረጅም ተጫዋች ሁሉ ከፍ ብሎ መቀመጥ ያምረዋል። ሕጉ ይገድበዋል፦ ከ1.0 እስከ 3.0 ነጥብ ለተመደቡ ትራሱን ጨምሮ 63 ሴንቲ ሜትር፣ ከ3.5 እስከ 4.5 ለተመደቡ 58 ሴንቲ ሜትር። ሕጉ የፈቀደውን ሁሉ መጠቀም ግን ግዴታ አይደለም። ከቅርጫቱ ሥር ሆኖ ለሚያስገባና ለሚከላከል፣ ወገቡንም በደንብ ለሚቆጣጠር ተጫዋች ከፍታው ያዋጣል። ኳስ እየነዳ ለሚያደራጅ ወይም የወገብ ቁጥጥር ለሌለው ግን ዝቅ ማለት ይሻላል። ከፍታ ሲጨምር ሚዛን ይቀንሳል፣ መዞርም ይከብዳል። እንዳይወድቅ በአንድ እጁ ወንበሩን ይዞ ኳስ የሚቀበል ሰው አንድ እጁን አጥቷል ማለት ነው።

የሆድና የወገብ ጡንቻው የማይታዘዝለት ተጫዋች መቀመጫው ከኋላ ዝቅ፣ ከጉልበቱ በኩል ከፍ ቢልለት ይጠቀማል። ዳሌው ወደ ውስጥ ይገባል፣ ጀርባው ይያዛል፣ ወንበሩ ድንገት ሲቆም ወደ ፊት አይወድቅም። ወገቡን የሚያዝ ተጫዋች ግን እንዲህ ካስቀመጣችሁት ወደ ፊት ጎንበስ የማለት አቅሙን ትነጥቁታላችሁ። ለአንዱ መድኃኒት የሆነው ለሌላው ማሰሪያ ነው። የጀርባ መደገፊያውም እንዲሁ። ዝቅ ያለው ነፃነት ይሰጣል፤ ከፍ ያለው ይደግፋል። እኔ የምመክረው ሳይወድቁ የሚቻለውን ያህል ዝቅ ማድረግ ነው።

ስፋትን በተመለከተ ማመንታት አያስፈልግም፤ ጠበቅ ያለ ይሻላል። ዳሌ በመቀመጫው ውስጥ የሚንሸራተት ከሆነ፣ ሰውየው ሲዞር ወንበሩ ዘግይቶ ነው የሚዞረው። ቀበቶዎቹም ወንበሩን ከሰውነት ጋር አንድ ለማድረግ ናቸው። ግን ጠበቅ ማለት ቆዳን መቆንጠጥ አይደለም። የአከርካሪ ጉዳት ያለበት ሰው ሕመሙን ላይሰማው ይችላል። አዲስ ወንበር በተለማመዳችሁ ቁጥር ከልምምድ በኋላ በመስታወት ወይም በሰው እርዳታ ቆዳውን እዩ። የቀላ ቦታ ቶሎ ካልጠፋ ወንበሩ ይስተካከል። የመቀመጫ ቁስል ስፖርተኛን ለወራት አልጋ ላይ ያውላል።

ሩጫ ላይ ምርጫው በመንበርከክና በመቀመጥ መካከል ነው። ተንበርክኮ የሚገፋ ሰው ደረቱን ጉልበቱ ላይ አሳርፎ የላይኛውን ሰውነቱን ክብደት ለምቱ ይጠቀምበታል፤ ለነፋስም ዝቅ ይላል። ጉልበቱ በደንብ የማይታጠፍ ወይም ወገቡን የማያዝ ሰው ግን ተቀምጦ ቢገፋ ይሻለዋል። እየሞከሩ እንጂ በወሬ የሚወሰን አይደለም።

የኋላ ጎማ ወደ ፊት ወይስ ወደ ኋላ?

የኋላ ጎማዎቹን ዘንግ ወደ ፊት ስትገፉት የሰውነት ክብደት ከፊቶቹ ትንንሽ ጎማዎች ላይ ይነሳና ወደ ትልልቆቹ ይሄዳል። ትንሽ ጎማ ክብደት ሲበዛበት ይጎተታል፤ ስለዚህ ወንበሩ ይቀላል፣ ቶሎም ይዞራል። ዋጋው ደግሞ ወደ ኋላ መገልበጥ ነው። በስፖርት ወንበር ላይ ከኋላ የምታዩት ትንሽ ጎማ ይህን ለመከላከል የተገጠመ ነው። ጀማሪ በመካከለኛ ቦታ ይጀምር፤ ከዚያ በጥቂት ሚሊ ሜትር እየሞከረ ወደ ፊት ይምጣ።

ጎማው ምን ያህል ያጋድል?

የስፖርት ዊልቸር ጎማዎች ከላይ ተቀራርበው ከታች ይራራቃሉ። ካምበር የሚሉት ይህ ነው። በቅርጫት ኳስ፣ በራግቢና በቴኒስ ብዙውን ጊዜ ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ነው፤ ቴኒስ ወደ 20ው ይጠጋል። በሩጫ ከ11 እስከ 15 ዲግሪ አካባቢ ነው። ያጋደለ ጎማ ሲዞሩ ወደ ጎን አያስወድቅም፣ ቀለበቱን ወደ እጅ ያቀርባል፣ በግጭት ጊዜም ጣት ያድናል። ከበዛ ግን ወንበሩ ይሰፋል። የስፖርት ወንበር በተራ በር አልገባ ሲል የምታዩት ለዚህ ነው። ሚኒባስ ታክሲ ላይ ለመጫን ጎማዎቹ በአንድ ቁልፍ ተጭኖ የሚወልቁ መሆናቸውን አረጋግጡ።

በ16 እና በ18 ዲግሪ መካከል እንቅልፍ የሚያጡ ሰዎች አሉ። እኔ ከዚያ ይልቅ የሚያሳስበኝ አላይመንቱ ነው። ሁለቱ ጎማዎች ትይዩ ካልሆኑ እያንዳንዱ ግፊት ወንበሩን ከማንቀሳቀስ ይልቅ ጎማውን ይበላል። የ2 ዲግሪ ያህል መዛባት ብቻ የመሬቱን ተቃውሞ እጥፍ ሊያደርገው ይችላል። በዓይን አይታይም። ስፖርተኛው "ዛሬ ደክሞኛል" ይላል፤ አሠልጣኙ "አቅም የለህም" ይላል። ጥፋቱ ግን የወንበሩ ነው።

ለመፈተሽ ሜትር ብቻ ይበቃል። ስፖርተኛው ወንበሩ ላይ ይቀመጥ። በጎማዎቹ መሐል ከፍታ ላይ፣ ከፊት በኩል ከግራው ጎማ እስከ ቀኙ ለኩ። ከዚያ በዚያው ከፍታ ከኋላ በኩል ለኩ። ሁለቱ ቁጥሮች እኩል መሆን አለባቸው። የፊቶቹን ትንንሽ ጎማዎች በሌላ መጠን ከቀየራችሁ ወይም የፊቱን ከፍታ ከነካካችሁ እንደገና ለኩ። ወንበሩ ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ባዘነበለ ቁጥር ጎማዎቹን የያዘው ዘንግ አብሮ ስለሚዞር ትይዩነቱ ይበላሻል። ብዙ ሰው ይህን አያውቅም፤ ጥሩ ወንበር ይዞ ይሰቃያል።

ትልቅ ቀለበት ወይስ ትንሽ?

በሩጫ ይህ ትልቅ ውሳኔ ነው። ቀለበቱ እንደ ብስክሌት ማርሽ ነው። ትንሽ ቀለበት ለመነሳት ይከብዳል፤ አንዴ ከተነሳ ግን ከፍተኛ ፍጥነት ላይ ቀለበቱ እጅን ሳይቀድም እጅ ይደርስበታል። ትልቅ ቀለበት መነሻና ዳገት ላይ ይረዳል፣ ሜዳ ላይ ግን እጅ ያደናግራል። የሩጫ ቀለበቶች በአብዛኛው ከ35 እስከ 40 ሴንቲ ሜትር ናቸው። 100 ሜትር የሚሮጥ፣ አቅሙም ገና የሆነ ሰው ከትልቁ ይጀምር። ረጅም ርቀት ላይ ጠንካራ የሆነ ሰው ወደ ትንሹ ይሂድ። ጓንቱንም ከቀለበቱ ጋር አንድ ላይ አስቡት፤ ሯጭ ቀለበቱን አይጨብጥም፣ በጠንካራ ጓንት ይመታዋል። ጓንቱ እጁ ላይ ካልተቀረጸ ቀለበቱ ምንም ቢሆን አይረዳም።

አሉሚኒየም፣ ቲታኒየም ወይስ ካርቦን?

አሁን ወደ ዋጋው መጣን። ሁግ ከቶኪዮ ፓራሊምፒክ በፊት ኦርቶቴክ ከተባለው ድርጅት ጋር ለዓመታት የተሠራ የካርቦን ወንበር አገኘ። የፎርሙላ ዋን የመኪና ውድድር ሰዎች የነበሩት ሳውበሮች ሳይቀሩ በሥራው ተሳትፈዋል። በዚያ ወንበር ቶኪዮ ላይ አራት ወርቅ ወሰደ። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2021 ደግሞ ጃፓን ኦይታ ላይ ማራቶንን በ1:17:47 ጨርሶ የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረ (የቦስተኑ መንገድ ቁልቁለት ስለሚበዛበት ለዓለም ክብረ ወሰን አይቆጠርም)። በአማካይ በሰዓት ከ32 ኪሎ ሜትር በላይ ማለት ነው። በዚያ ፍጥነት ዋናው ጠላት ነፋስ ነው። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የነፋሱ ግፊት አራት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ለስላሳና የማይተጣጠፍ ካርቦን ለእሱ ትርጉም አለው።

ግን ይኸው ሰው ከዚያ በፊት ሪዮ ላይ፣ ያ ወንበር ሳይኖር፣ 800 ሜትርና ማራቶን አሸንፏል። ወንበሩ የጨመረለት በላዩ ላይ ነው። በሰዓት 18 ኪሎ ሜትር ለሚገፋ ጀማሪ ያ ሁሉ ወጪ የሚመልሰው ነገር ትንሽ ነው።

ለቅርጫት ኳስ፣ ለቴኒስና ለራግቢ የኔ ምርጫ አሉሚኒየም ነው። ጠንካራ ነው፣ ቀላል ነው፣ ዋጋውም ይቻላል። ቲታኒየም ንዝረት ይቀንሳል፣ አይዝግም፤ ግን ውድ ነው። ካርቦን ከተሰነጠቀ አበቃ፤ ሰፈር ውስጥ የሚጠግነው የለም። አሉሚኒየምም ቢሆን የትም አይበየድም። ለበርና ለመስኮት ብረት የሚበይደው ቤት አይሆንም፤ አሉሚኒየም በአርጎን ጋዝ የሚበይድ ባለሙያ ፈልጉ። የተበየደው ቦታ ከቀድሞው እንደሚደክምም እወቁ።

የሚስተካከል ወይስ በልክ የተበየደ?

የሚስተካከለው ወንበር ቡሎን ይበዛበታል፤ ይከብዳል፤ ቡሎኑ ሲላላ ይንኳኳል። በልክ የተበየደው ቀላልና ድርቅ ያለ ነው፤ የሰጡትን ኃይል ሁሉ ወደ ጎማ ያደርሳል። ይሁን እንጂ ገና የሚለማመድ ሰው ልኩን አያውቀውም። ሰውነቱም ይለወጣል፤ ትከሻው ይሰፋል፣ ሚዛኑ ይሻሻላል። መጀመሪያ የሚስተካከለውን ያዙ፤ ልኩ ሲታወቅ በዚያ ልክ አሠሩ። ለልጅ ደግሞ የሚስተካከል ብቻ።

ኢትዮጵያ በፓራሊምፒክ መሳተፍ የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1968 ቴል አቪቭ ላይ ነው። ትዕግስት ገዛኸኝ ቶኪዮ ላይ ወርቅ ያመጣችው በማየት ጉዳት ምድብ በ1500 ሜትር ነው። በዊልቸር ሩጫ እስካሁን ሜዳሊያ የለንም። የዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል ኮሚቴ የዊልቸር ቅርጫት ኳስን አገራችን ውስጥ ሲደግፍ ቆይቷል፤ ፍላጎቱና ችሎታው አለ። የጎደለው ልክ የሆነ ወንበር ነው። ዋሽንግተን ወይም ስቶክሆልም ያላችሁ ያገለገለ የስፖርት ወንበር ለመላክ የምታስቡ ሰዎች፣ መልካም አሳባችሁ እንዳይባክን መጀመሪያ ደውሉና ልክ ጠይቁ፦ የዳሌ ስፋት፣ ከዳሌ እስከ ጉልበት፣ ከጉልበት እስከ ተረከዝ፣ የወገብ ቁጥጥሩ፣ የሚጫወተው ስፖርት። ለሌላ ሰው የተበየደ ወንበር በትራስ አይስተካከልም።

አንድ ነገር ደግሞ ጎማው ላይ አንብቡ። ከኢንቹ ይልቅ ማየት ያለባችሁ በጎማው ጎን የተጻፈውን ባለ ሦስት አኀዝ ቁጥር ነው፤ ጎማው የሚገባበትን ቸርኬ ልክ በሚሊ ሜትር ይነግራል። ባለ 24 ኢንች የዊልቸር ጎማ 540 ነው፤ ባለ 24 ኢንች የብስክሌት ጎማ ግን በአብዛኛው 507 ነው። አንዱ በሌላው ቸርኬ ላይ አይገባም። አዲስ አበባም ሆነ ሐዋሳ ጎሚስታ ጋ ብትሄዱ 540 ላታገኙ ትችላላችሁ። 559 ከሆነ ግን ባለ 26ቱ የተራራ ብስክሌት ጎማ ይገባል፤ 622 ከሆነ የኮርስ ብስክሌት ጎማ ይገባል። ስለዚህ ምርጫ ካላችሁ 559 ወይም 622 ቸርኬ ያለውን ወንበር ውሰዱ፤ ለቅርጫት ኳስ ሲሆን ከነጎማው ከ69 ሴንቲ ሜትር እንዳይበልጥ ለኩት። ቀጭኑን ጎማ ምረጡ፤ ከወንበሩ ጋር ሁለት መለዋወጫ ካላማዳሪያና ኩሽኔታ ይላክ። ነፋሱንም በየልምምዱ ሙሉ፤ ጎኑ ላይ የተጻፈውን ከፍተኛ ልክ ሳታልፉ ጠንከር ይበል። የላላ ጎማ እስካሁን ያስተካከላችሁትን ሁሉ ያበላሽባችኋል።